ባኖ ያልተጠራችበት ንባብ

ውድ ባለቤቴ ናዚር፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሞላ። ቤቱ ያው ነው ልልህ ነበር፤ አይደለም። የምትጽፍበትን ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ። እዚህ ሮም ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ቅመም የሚሸጥልን ሰውዬ ማረፍህን ብነግረውም እጁ ለምዶ የሁለት ሰው ይመዝንልኛል። ቤቷ የምሠራላት ሲኞራ አሁንም ያገርህን ስም ትስታለች።

አርባህን እዚሁ አወጣሁልህ። ባንተም በኔም ሃይማኖት አርባ ቀን መኖሩ በጀኝ። ታላቅ ወንድምህ ካገርህ ከሙልታን መጥተው ነበር፤ የመጨረሻውን ልብ ወለድህን ወስደው ሊያሳትሙልህ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያው በእናትህ ቋንቋ በሳራይኪ ታትሞ ጥቂት ሰው እጅ ገባ፤ ሁለተኛውን ያገርህ ወታደሮች ከየሱቁ ሰበሰቡት፤ አንተም በዚያው ሰበብ ሮም ቀረህ። ይህኛው ካልታተመ ሥራህ ካንተ ጋር ተቀበረ ማለት ነው።

ለመታሰቢያህ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዲያነቡልን ለመንኋቸው። ቋንቋህን አላውቅም፤ ምዕራፉን ግን አውቀዋለሁ። ከሥራ ስመለስ በሳራይኪ እያነበብህ በጣልያንኛ ትነግረኝ ነበር። አባትህ በድርቁ ዓመት የቦዩን ውሃ በጭሰኞቻቸው ላይ የዘጉበት፣ የጭሰኛው ልጅ ትንሿ ባኖ በጥም የሞተችበት ነው። እዚያ ስትደርስ መነጽርህን ታወልቃለህ።

ወንድምህ ጥሩ አንባቢ ናቸው። አንብበው ጨረሱ፣ ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡ። ባኖ የሚለውን ስም አንድ ጊዜም አልሰማሁም። አዲስ አበባ ጋዜጣ ቤት ሳለሁ የደርግ ሳንሱር ከጽሑፌ ስም ሲያወጣ ኖሯል፤ የጎደለ ስም ቶሎ ይታወቀኛል።

«ልጅቷን ዘለሏት» አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

የባኖ ገጽ ከተቀነሰች መጽሐፉ ሳይውል ሳያድር እንደሚታተም አስረዱኝ። «ወንድሜ ሞቷል» አሉኝ፤ «አባቴ ግን በሕይወት አሉ።»

ወረቀቱን አልሰጠኋቸውም። በደህና ተሰነባበትን፤ ከዚያ ወዲህ አልጻፉልኝም። ሳራይኪ የሚያሳትም ሌላ ሰው አላውቅም። ምናልባት መጽሐፍህ ከእንግዲህ አይወጣም፤ ይህን እያወቅሁ ነው እንቢ ያልኩት። አንተም እንዲሁ ታደርግ እንደ ነበር አምናለሁ፤ ልጠይቅህ ግን አልችልም።

ወረቀቱ አልጋዬ ሥር፣ ሻንጣህ ውስጥ ነው። ማንበብ ባልችልም ስሟ የቱ ጋ እንደ ተጻፈ አሳይተኸኝ ነበር። አልፎ አልፎ አውጥቼ ጣቴን አሳርፍበታለሁ፣ እጠራታለሁም። አንተን የማስብህ እንዲህ ነው። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ባኖ በስሟ የምትጠራበት አንድ ቤት አለ።

ያንተው ጽጌ