ጨው የወጣለት ውሃ

ሰኞ

ዛሬም የውሃ ማጣሪያ መሣሪያችን ሦስተኛው ሴል አፈሰሰ። ጎማውን ቀየርን፣ ብሎኑን አጠበቅን፣ ያው ነው። የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን ተካ «ነገ ሁምቦ ወርደን ልናፍር ነው» አለ። የመሣሪያውን ቋሚ የበየደልን አባቱ ስለሆነ ነገሩን የቤተሰብ ጉዳይ አድርጎታል። በመጨረሻ በሲሊኮን ደፈንነው፣ ያዘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እናቴን ከቀበርን ገና ቅርብ ጊዜ ነው። ኮሪደር ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኛል። አሜን እላለሁ። ጸንቻለሁ መሰለኝ፣ ምንም አይሰማኝም። አላለቀስኩም። ቀብሯ ላይ ቆሜ የማስበው የድንኳኑ ገመድ በደንብ መታሰሩን ነበር።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቁርጡን ነገረኝ። የሁምቦው መንደር ሰው እስከ ቅዳሜ የተጣራውን ውሃ መጠጣት ካልጀመረ መሣሪያው መጋዘን ይገባል። መንደሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ የእናቴ አገር ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይድም አለበት፤ እሱን ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው። እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍን ነበር። ኬሚስትሪ የተማርኩት ለዚህ ነው ብዬ በየስብሰባው ተናግሬአለሁ። አሁን ሳስበው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።

ማክሰኞ

ሁምቦ። ሙቀቱ አይጣል ነው። መሣሪያውን ቦኖው አጠገብ ተከልነው።

ውሃ ሊቀዱ ለመጡት ሴቶች አስረዳሁ፦ ውሃው በካርቦን ሰሌዳዎች መካከል ያልፋል፣ ኤሌክትሪክ ሲገባ ጨው ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ሰሌዳው ሲጠግብ ኤሌክትሪኩ ይገለበጣል፣ ጨውም ተራግፎ በሌላ ቱቦ ይወጣል። በመንገዱ ትንሽ ክሎሪን ይፈጠራል፣ ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነው። ገባን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተካ በጨው መውጫው ቱቦ ላይ በቀይ ቀለም «ቆሻሻ» ብሎ ጻፈበት።

መጀመሪያ የቀመሰችው አክስቴ ቦጋለች ናት፣ የእናቴ ታላቅ። አፏ ውስጥ አቆየችውና ተፋችው። ተካ እንዲሰማ በአማርኛ «ይሄ ውሃ ሞቷል» አለች። «ጨው የለው፣ ምን የለው! ሽታው ደግሞ የሐኪም ቤት። ለአንቺ ጣፈጠሽ?»

ጠጣሁ። ምን ልበላት? ሰሞኑን የምበላውም የምጠጣውም ምንም አይጣፍጠኝም። ማንም ሳይቀዳ፣ መሣሪያውን እንደከፈትነው ትተን ተመለስን።

ረቡዕ

ሰልፍ! ገና ከመኪና ሳንወርድ አየሁት፣ ጄሪካን በጄሪካን። ተካ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ቀረብ ስንል ጄሪካኖቹ የተደረደሩት ቆሻሻ ባልነው ቱቦ ሥር ነው። ንጹሑ ውሃ ለብቻው ወደ መሬት ይፈሳል።

ሴቶቹ ለከብት ነው አሉ። ጨዋማ ውሃ ያገኘች ላም ወተት ትሰጣለች፤ ለዚህ ሲሉ ከብቶቻቸውን ሩቅ ይነዱ ነበር፣ እኛ ደጃቸው ድረስ አመጣንላቸው። «ተጽፎበታል እኮ» አልኩ። አንዷ «አይተናል፣ ለሰው ነው እንጂ ለከብት መች ተጻፈ?» አለችኝ። ተካ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እኔ ግን ውስጡ ያለውን አውቃለሁ፦ የተጠራቀመ ጨው፣ የተጠራቀመ ፍሎራይድ። በዚህ አገር ጨው የሚጣል ነገር እንዳልሆነ አላሰብኩም። የእናቴ አገር ነው እያልኩ!

ቱቦውን አስዘጋሁ። አክስቴ «የእኔ እኮ ጠጣ። ላሙ እንደዛሬ ጠጥቶ አያውቅም» አለች በኩራት። አክስቴ አማርኛ ስታወራ ላምም ወንድ ነው።

ሐሙስ

በጠዋት ተደወለ። ላሟ ወድቃለች። የሌሎቹ ከብቶች ደህና ናቸው፣ እሷ ግን እየተንቀጠቀጠች ነው። የእንስሳት ሐኪም ይዘን ደረስን። ጨው በዝቶባታል አለ። ጨው የሌለው ውሃ በትንሽ በትንሹ፣ ባንዴ እንዳታጠግቧት። የጉድጓዱ ራሱ ጨው ነው፣ እሱ አይሆንም። ሁላችንም ወደ መሣሪያው ዞርን።

ስለዚህ «የሞተው ውሃ» ዛሬ ሥራ አገኘ። ሴቶቹ በጣሳ እየቀዱ ተቀባበሉት። እኔ ራሷን ደግፌ አጠጣኋት።

እዚያው አክስቴ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች። ላሟ ኮታ ናት፤ ከእናቴ ጋር በጋራ የገዟት፣ ቅቤውን የሚካፈሏት። ግማሿ የእናቴ ነበር። አሁን የእኔ ነው። አንዱ ባለ ኮታ ሲሞት ሌላው ወራሹን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፣ ተሸጣ ትከፈል ወይስ በጋራ ትቆይ ብሎ። አክስቴ ለቅሶዬን እስክጨርስ እየጠበቀችኝ ኖሯል። ምን የምጨርሰው ለቅሶ አለኝ?

ከእናቴ የቀረውን አንድ ነገር በእጄ ልገድለው ነው። ይህን እያወቅኩ እንኳ ደረቴ ውስጥ ዝም ነው። ራሴን ፈራሁት።

ዓርብ

ላሟ አልተነሳችም። ጆሮዋን ግን ታንቀሳቅሳለች። ጣሳ፣ እንደገና ጣሳ። ከሰዓት በኋላ ሣር ሸተተች፣ አልበላችም። አንዲት እናት ላሟን ካጠጣች በኋላ የቀረውን ራሷ ጠጣችው። አፏን ጠረገች። ለሕፃኗ በትንሽ ጄሪካን ቀድታ ሄደች። ከእሷ በቀር ማንም አልወሰደም።

ቅዳሜ

ቆማ አገኘኋት! እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቆማ ታመነዥካለች። ተካ ግንባሯን ሳማት።

ኃላፊው ደወለ። «ስንት ሰው ተጠቀመ?» አለኝ። «አንዲት ላም፣ አንዲት እናትና አንድ ሕፃን» አልኩት። ቆሻሻ ስላልነው ውሃም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሰኞ ቢሮ ነይ ብሎ ዘጋው።

አክስቴ እንደ ወጉ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ተይ» አለችኝ። «ያመመው የአንቺን ግማሽ ነው። የእኔማ ደህና ነበር።»

ሳቅሁ። ሴቶቹም ሳቁ። ከዚያ አክስቴ ወጉን ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በይ፣ የእናትሽ ልጅ፣ ትከፈል ወይስ ትቆይ?» አለችኝ። እንዲህ ተብሎ የሚጠየቀው ባለቤቱ ከሌለ ብቻ ነው። «ትቆይ» ልል ጀመርኩ። እናቴ የለችም። እናቴ እኮ የለችም። ለቅሶዬ ላሟን ሳይቀር አስደነገጣት።

አክስቴ መልሱን አልጠበቀችም፣ እቅፏ ውስጥ አስገባችኝ።