ቆርኪ የታሰረበት አንሶላ

ውድ እታለም፣

በችኮላ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይቅር በይኝ። የምጽፍልሽ ከራስሽ ቤት ነው፤ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ወንዙ ከሚያየው ክፍል። «ራስሽ ቤት» ብዬ ስጽፍ የምቃዥ ይመስለኛል። አንቺ እኮ ለእኛ ተለቅሶልሽ ያለቀ ሰው ነሽ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የእማዬ ጉልበት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሲሻለው፣ ቅዳሜና እሁድን ሌላ ከተማ ወስጄ ላዝናናት አሰብኩ። ሆዷን የምትወድ አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ እሷ ሁሉንም አስጠናችኝ። ዓሣ ድልድዩ አጠገብ ካለው ቤት ብሉ፣ ጭማቂ ትልቁ ፎቅ ሰገነት ላይ ጠጡ፣ ማደሪያ ግን ከቢጫው ቤት ሌላ እንዳታስቢ አለችኝ። ደውዬ በስሜና በአባዬ ስም ክፍል ያዝኩ።

ትናንት ረፋድ ላይ ደረስን። እማዬን ታውቂያታለሽ፤ ደረጃው በዛ፣ ቀለሙ ዓይን ይወጋል፣ ሳሙናው የአሻንጉሊት ነው አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ የግድግዳውን ጥግ አልጋ መርጣ፣ የእጅ ቦርሳዋን ፍራሹ ስር እንድወትፍላት ሰጠችኝ። ሰው ቤት ስታድር ሌላ ቦታ አታስቀምጠውም። ፍራሹን አነሳ አድርጌ እጄን ስሰድ ጠንካራ ነገር ነካኝ። ጎተት አደረግኩት። የአንሶላው ጫፍ ቆርኪ ላይ ተጠቅልሎ በነጭ ክር ታስሯል።

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚህ ዓለም አንሶላ ጫፍ ላይ ቆርኪ የሚያስር ሌላ ቤት አለ? እማዬ ስንት ሰው የምታለብስ ልብስ ሰፊ ሆና ሳለ የእኔንና የአንቺን አንሶላ አሳጥራ ቆረጠችው። ተሳሳትኩ ማለት ሞቷ ስለሆነ «አንሶላ እንዲህ ነው» ብላ አራቱንም ጫፍ እንዳይሾልክ በቆርኪ አሰረችና ፍራሹ ስር ወተፈችው። በኋላ ረጅም አንሶላ ሲገዛም ማሰሩን አልተውንም። ይሄኛው ደግሞ ወለል የሚጠርግ አንሶላ ነው፤ ማሰሪያ ምን ያደርግለታል? ተነስቼ የእኔን አልጋ ፈተሽኩ። ምንም የለም። የታሰረው የእማዬ ብቻ ነው። ያነጠፈው ሰው የትኛውን አልጋ እንደምትመርጥ ያውቃል።

«ምነው፣ አይጥ አየሽ እንዴ?» አለች እማዬ።

«የለም፣ ደረጃው አድክሞኝ ነው።»

«ጉልበቴን የታከምኩት እኔ፣ የደከመሽ አንቺ።»

ውሃ ላምጣ ብዬ ወረድኩ። እንግዳ ተቀባዩን፣ ባለ መነጽሩን ሰውዬ፣ አልጋችንን ማን እንዳነጠፈው ጠየቅኩት።

«ምነው እህቴ፣ የጎደለ ነገር አለ?»

«አልጎደለም። ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ባለቤቷ ራሷ ናት። ስማችሁን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ነኝ የማነጥፈው ብላ ሠራተኞቹን አስወጣች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች፤ እሁድ ማታ ነው የምትመለሰው።»

እኛ የምንወጣው እሁድ ከምሳ በፊት ነው። እሱን ሳታውቂ ቀርተሽ አይደለም።

«ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች?» አልኩት።

«ያውቋታል እንዴ?»

ምን ልበለው? ከአባዬ ጋር ተጣልተሽ ከቤት የወጣሽ ለት፣ በዚያች በተገለበጠችው አውቶቡስ ስትሳፈሪ አየናት ያሉ ሰዎች ነበሩ። ማንነታቸው ካልታወቀ ሟቾች መካከል ቆጥረንሽ አለቀስን። አባዬ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም። እታለም፣ አባዬም አርፏል። በደብዳቤ መርዶ ማርዳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አንቺም በሕይወት መኖርሽን በቆርኪ ነው ያረዳሽኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልናደድ አላውቅም።

ዓሣው ቤት ሄድን። ጥሩ ነው መሰለኝ፣ እማዬ የራሷን ጨርሳ የእኔንም በላችው። ሰገነቱ ላይ ጭማቂው እጄ ላይ እስኪሞቅ ይዤ፣ ከታች በሚያልፈው ሰው ሁሉ ውስጥ አንቺን ስፈልግ ነበር። ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም። ነግሬያት አንቺ ሳትመጪ ብትቀሪስ? ሁለተኛ ልታጣሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ እማዬ አልጋዋን ታነጥፋለች። ቆርኪው እጇ ላይ ነው፤ ክሩን በጥርሷ ይዛ ታጠብቃለች።

«ያኔም ማጥበቅ አትችልም ነበር» አለች ቀና ሳትል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ትናንት ጋደም ስል። እግሬ ስር ላላ አለብኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ ደንግጠሽ እንዳትታመሚብኝ።»

ከዚያ ክሩን መያዝ አቃታት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አለች፣ ልጄ አለች» እያለች አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት። ስትጨርስ ፊቷን በአንሶላሽ ጠረገችና «ሻንጣውን ፍቺ፣ የትም አልሄድም» አለችኝ።

ባለ መነጽሩ ስልክሽን አልሰጥም አለ፤ ከሥራ ታስባርሩኛላችሁ ብሎ ፈራ። ይህችን ወረቀት ግን አሁኑኑ ሊያደርስልሽ ጫማውን እያሰረ ነው። እማዬ ወንበር አስወጥታ ዋናው በር ላይ ተቀምጣለች። የኋላ በር እንዳለም አጣርታ እኔን እዚያ መድባኛለች፤ ስለዚህ በየትም ብትመጪ ከአንዳችን እጅ አታመልጪም። ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ፍራሽ አስገብታለች። አራቱንም ጫፍ ራሷ ናት ያሰረችው። ቆርኪ ስላልነበረን ከቁርስ ጋር አራት ለስላሳ አስከፈተች፤ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንም አልጠጣውም።

ከኋላ በር የምትጠብቅሽ
ታናሽ እህትሽ