ማን እንደሞተብን ለጠየቁን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ኃይለሚካኤል
የወረዳችን የጽዳትና የደንብ ክፍል ኃላፊ
ነሐሴ 9 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ጉርድ ሾላ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ስለበረታ ደረትዎን ብርድ፣ ጉልበትዎን ቁርጥማት እንዳይዘው፣ የቢሮዎ ጣራ እንዳያፈስ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎም ደረቅ አልጋና ትኩስ ምግብ እንዳይጎድል ከልቤ እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት ቀድመውን ሄደዋል፤ የምጽፍልዎትም በእነሱ ጉዳይ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የላኩልን ደብዳቤ ዝናብ ሳይነካው፣ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ ደርሶኛል። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ የመንግሥት ደብዳቤ ቶሎ አይገባኝም። የእርስዎን ግን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቱንም ጊዜ ገብቶኛል። በመጀመሪያ የእድራችን የለቅሶ ድንኳን እስከ መጪው ሰኞ ነሐሴ 13 ቀን ጠዋት ከመንገድ ዳር እንዲነሣ፣ ካልተነሣም ከነካስማው እንደሚወረስ ያዛሉ። ቀጥለውም ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ በየሦስት ቀኑ አዲስ ሐዘን የሚያስመዘግበው እድራችን ማን እንደሞተበት በዝርዝር በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቃሉ።

ለጥያቄዎ እጅ እነሣለሁ። በዚህ መንገድ ዳር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር፣ ከመንግሥት ወገን መጥቶ ማን ሞተባችሁ ብሎ የጠየቀን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። እንዲህ ያለ ደግ ጥያቄ በአንድ ፋይል ውስጥ ተዘግቶ እንዳይቀር ብዬ መልሱን በግልጽ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን ቅጂ ለጋዜጣ፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያኑ በር፣ አንዱን ለመስጊዱ በር ሰጥቻለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ሐምሌ 5 ቀን ላመስግንዎ። በዚያ ዕለት ከዋናው መንገድ አጥር ሥር ተጠግተው የነበሩትን የላስቲክ ቤቶች በአንድ ጠዋት አስነሥተው አካባቢውን አጽድተውልናል። የጭነት መኪናው ላስቲኩን፣ ካርቶኑንና እንጨቱን ጭኖ ሄደ። ሰዎቹን ስላልጫነ ሰዎቹ እዚያው ቀሩ። እርስዎ ራስዎ ከመኪናዎ ወርደው በሁለት ሳምንት ውስጥ መጠለያ ይሰጣችኋል ሲሉ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አምስተኛው ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ቀርቶታል። ያልተማርኩ ስለሆንኩ የእናንተን ሳምንት በእኔ ሳምንት ለክቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ድንኳኑን የተከልነው ሐምሌ 15 ቀን በሕጉ መሠረት፣ አባላችን የነበሩት ጡረተኛው ሾፌር አቶ አረጋዊ ሲያርፉ ነው። ሦስት ቀን ተቀመጥንላቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ካስማ ሊነቅሉ ሲነሡ ዝናቡ ወረደ፤ ቤታቸውን መኪናዎ የጫነባቸው ሰዎችም ሮጠው ድንኳኑ ሥር ገቡ። ከእነሱ መካከል ሚርያም የምትባል የመውለጃ ወሯ የገባ ሴት ነበረች። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ የሺአረግ አዩዋትና ድንኳኑ ይቆይ፣ ሐዘኔ አልወጣልኝም አሉ።

የእድራችን ዳኛ አቶ ሃይደር ጉርድ ሾላ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ሕግ የሚፈሩ ሰው ናቸው። የቀበሌው ፈቃድ ለአንድ ለቅሶ ሦስት ቀን ብቻ መሆኑን ያውቃሉና ተጨነቁ። «እናንት ሴቶች አታስቀጡኝ፤ ድንኳን ለሙት እንጂ ለቋሚ አይተከልም» አሉን። የእድሩን ድስትና ሰሃን የምትይዘው ሳጂዳ፣ ከወሎ የመጣች አንደበቷ የማይታሰር ሴት፣ «እንግዲያው ጋሼ ሃይደር ሙት እንፈልግልሃለን፤ በዚህ መንገድ ሙት ጠፍቶ ያውቃል?» አለቻቸው።

እውነቷን ነው፤ ሙት ጠፍቶ አያውቅም። ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ ጉርድ ሾላ ባለው መንገድ ባለፉት ሦስት ዓመታት በደጅ ወድቀው የማዘጋጃ ቤት መኪና ያነሣቸውን እኛ ሴቶቹ ተቀምጠን ብንቆጥር ሃያ አንድ አገኘን። አንዳቸውም ድንኳን አልተጣለላቸውም፤ ንፍሮ አልተቀቀለላቸውም፤ ሰው አልተቀመጠላቸውም። ስለዚህ ከሐምሌ 18 ቀን ጀምሮ በተራ እንቀመጥላቸው ጀመር። ሐሰት አላስመዘገብንም። የዘገየ ለቅሶ ነው እንጂ የውሸት ለቅሶ አይደለም። በጠየቁት መሠረት ዝርዝሩ ይኸውልዎ።

1ኛ. ቶሚ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም። ሩዋንዳ ሰፈር መኪና እያጠበ የኖረ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ምናልባት የእርስዎንም መኪና አጥቦ ይሆናል። የሰፈሩ ቦኖ በእናንተ ትእዛዝ በተዘጋ በሳምንቱ ከወንዝ መጠጣት ጀመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ ጣለው። ቦኖው ሲዘጋ የተነገረን ምክንያት የጎዳና ሰዎች እየታጠቡ ቦታውን ያቆሽሹታል የሚል ነበር። መፍትሔው ሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሲታጠብ ያየነው የለም።

2ኛ. ሐሩን። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወሎ መጥቶ ጀርባው እስኪጎብጥ ሸክም የተሸከመ ሰው ነው። በጥር ብርድ፣ አጥር ተደግፎ እንደተቀመጠ ደርቆ ተገኘ። መኪናው ሲያነሣው ሃይማኖቱን የጠየቀ ስላልነበረ የት እንደተቀበረ አናውቅም። ሐዘኑን ሳጂዳ መርታለች፤ ቁርኣን ተቀርቶለታል፤ እኛም ክርስቲያኖቹ ጫማችንን አውልቀን ተቀምጠናል።

3ኛ. ነኢማ። ስትስል የምታድር ሴት ነበረች። ሐኪም ቤቱ ድሃ መሆንሽን የሚመሰክር ወረቀት ከቀበሌ ካመጣሽ በነፃ ትታከሚያለሽ አላት። እኔው ራሴ ይዣት ሄድኩ። ጸሐፊው ፎርሙን አውጥቶ የቤት ቁጥርሽ ስንት ነው ሲላት የለኝም አለች፤ የቤት ቁጥር ለሌለው ወረቀት አይሰጥም አላት። እሷም ነጠላዋን እያስተካከለች «ጌታዬ፣ ቤት ቢኖረኝ እሱን ሸጬ አልታከምም ነበር ወይ?» አለችው። ጸሐፊው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባት። ለዚያ ጸሐፊ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ መመሪያውን አንዲት ፊደል አላዛነፈም። በዚህ ከተማ ድሃ ለመባል በመጀመሪያ ቤት ሊኖረን እንደሚገባ ከእሱ ተምሬያለሁ።

4ኛ. ስም ያልወጣለት የአሥራ አንድ ቀን ሕፃን። የተወለደው ፍሳሽ መውረጃው ዳር ነው። ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። ሦስት ቀን ተቀመጥንለት።

5ኛ፣ 6ኛ እና 7ኛ. ስማቸውን ማወቅ የነበረብን፣ ግን ያልጠየቅናቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ኦሎምፒያ መታጠፊያው ላይ ይቀመጥ የነበረ እግሩ የተቆረጠ ወታደር ነው። አንዷ ያገኘችውን ቁራሽ ከውሻዋ ጋር ትካፈል የነበረች ሴት ናት። ሦስተኛው ባለፍን ባገደምን ቁጥር ደህና ዋላችሁ የሚለን ሽማግሌ ነው፤ ብዙዎቻችን መልስ አንሰጠውም ነበር። በዚህ በሦስቱ ላይ ጥፋቱ የእኛም ስለሆነ የእርስዎን ድርሻ ብቻ ለይቼ ልልክልዎት አልቻልኩም።

የስምንተኛው ለቅሶ ዛሬ ጠዋት ተጀምሯል። የቀሩት አሥራ ሦስት በተራቸው ይቀጥላሉ። አቶ ሃይደር በጣታቸው ቆጥረው እንደነገሩን ሙታኖቻችን ለእያንዳንዳቸው ሦስት ቀን ቢደረግላቸው እስከ መስከረም 15 ያደርሱናል፤ ያን ጊዜ ዝናቡም ይወጣል። ስለዚህ ሙት እንዳያልቅብን ብለው እንዳያስቡልን። የሚያስፈራን ቁጥሩ እንዳይጨምር ነው፤ በዚህ በኩል ክፍልዎ ትጉ መሆኑን አይተናል።

የቀበሌው ጥበቃዎችም ግዴታቸውን አላጓደሉም። በአራተኛው ቀን ድንኳኑን ሊያፈርሱ መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠው ሲያገኟቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እግዜር ያጽናችሁ አሉ፤ ንፍሮ ቀምሰው ሄዱ። በሰባተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ ንፍሮው ጨው ያንሰዋል ብለው ሄዱ። ደግሞም አንደኛው ቶሚን ያውቀው ኖሮ ጥግ ይዞ አልቅሷል። እባክዎ በእነዚህ ሰዎች ላይ ቅጣት አይጣሉ። በለቅሶ ቤት ላይ እጃቸው ስላልተነሣ ነው፤ ይህን የመሰለ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ከመቅጠርዎ በፊት ማጣራት ይገባዎት ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ክረምቱም እየተገባደደ ስለሆነ ድንኳኑ አያስፈልግም ብለዋል። ሰኞ ቡሄ ነው፤ ቡሄ ካለ የለም ክረምት የሚለውን ሰምተው ይሆናል። ይህ አባባል ጣራ ያለው ሰው ያወጣው ነው። ድንኳኑ ውስጥ አሁን አሥራ አራት ነፍስ አለ። ሚርያም ነሐሴ 2 ቀን እዚያው ፍራሽ ላይ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ወይዘሮ የሺአረግ ናቸው እትብቷን የቆረጡት። እርስዎ ካስማውን በሚነቅሉበት በሰኞ ዕለት ሕፃኗ አሥራ አንድ ቀን ይሞላታል። ከላይ በአራተኛው ቁጥር የጻፍኩትን እባክዎ እንደገና ያንብቡልኝ። የምለምንዎት ለዚህች ልጅ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

እድር የተቋቋመው ለሙት ነው። ለቋሚ የተቋቋመው ማዘጋጃ ቤት ነው። ውሃ መክፈት፣ ሽንት ቤት መሥራት፣ ለታመመ ወረቀት መስጠት፣ ዝናብ የሚመታውን ሰው ከጣራ ሥር ማስገባት የእናንተ ሥራ ነበር፤ ድስትና ድንኳን ብቻ ያለን አሮጊቶች የገባንበት ቦታው ባዶ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ባለቤቱ ከመጣ እንለቃለን፤ እንዲያውም መርቀን እንለቃለን። መጠለያውን ዛሬ ቢያሳዩን ድንኳኑን ለመንቀል አንድ ሰዓት አይፈጅብንም።

ሳያሳዩን ሰኞ ከደረሰስ? ክቡር ሆይ፣ አይጨነቁ፤ ትእዛዝዎ ይከበራል። ትናንት እድሩ ተሰብስቦ ተነጋግሯል። አቶ ሃይደር እንኳ ሕጉ ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። የለቅሶ ድንኳን በመንገድ ዳር መተከሉ ስህተት መሆኑን አምነናል፤ በወጉ የሚተከለው በሐዘንተኛው ደጅ ነውና። የእነዚህ ሃያ አንድ ሰዎች ሐዘንተኛ ማን ነው ብለን ስንመረምር አባት፣ እናት፣ ወንድም የላቸውም። ሬሳቸውን ያነሣው፣ የቀበራቸው፣ መቃብራቸውንም የሚያውቀው ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነው፤ በእኛ ሰፈር የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ደግሞ እርስዎ ነዎት። የሐዘኑ ባለቤት እያሉ እኛ ጎረቤቶቹ ፍራሽ ይዘን መቀመጣችን ነውር ነበር፤ ይቅር ይበሉን።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት እርስዎ በወሰኑት ሰዓት ድንኳኑን ነቅለን ከቢሮዎ በር ፊት እንተክለዋለን። አሥራ አራቱም ሰዎች፣ ሚርያምና ልጇም አብረውን ይመጣሉ። ሙታኑን በቅርብ የሚያውቋቸው እነሱ ናቸውና ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣሉ። ድስቱን ሳጂዳ ታመጣለች። የሰፈሩ ሰው፣ ቄሱም ሼኩም ለቅሶ ይደርሱዎታል። ከእርስዎ የሚጠበቀው መቀመጥና ማን ሞተብዎ ለሚልዎ ሁሉ በዝርዝር ማስረዳት ብቻ ነው።

እስከዚያው እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ሌላ አያሰማዎት እያልኩ፣ ከነጠላዬ ጋር ራሴን ዝቅ አድርጌ የምሰናበትዎ፣

አክባሪዎ
ሃረገወይን ወልደአማኑኤል
የእድሩ የሴቶች ክፍል ሰብሳቢ

ማስታወሻ፦ ድንኳኑ ወርዱ አሥራ ሁለት እርምጃ ስለሆነ መኪናዎን ሰኞ ዕለት ሌላ ቦታ ያቁሙልን። የሐዘንተኛ ፍራሽ ከመሬት ብርድ እንደማያድን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ወገብ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ ይለመድ እንደሆነ አጠገብዎ የሚቀመጡትን ይጠይቋቸው፤ ሦስት ዓመት የቆዩበት አሉ።