ከሟች ወንድሜ ሸሚዞች የተሰፋው ብርድ ልብስ

እህትዬ፣

ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ፤ ወደ እማዬ የሚወስደኝ መኪና በር ላይ ቆሟል። ቁልፉን አከራያችን ጋ ትቼዋለሁ። የስፌት ማሽኑ ክር እየበጠሰ ነው፣ መርፌውን ቀይሪለት።

ወንድሜ ካለፈ ዓመት ሳይሞላው ሸሚዞቹን ሳታማክሪኝ ቆራርጠሽ ብርድ ልብስ ስትሰሪባቸው አንጀቴ ቆስሏል። ላንቺ ባልሽ ቢሆን፣ ለኔም የእናቴ ልጅ ነው። እማዬ "አንድ ሸሚዙን ይዘሽልኝ ነይ፣ ጠረኑን ላሽትት" ብላኝ ነበር።

ብርድ ልብሱን ልወስድላት አስቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አቅፈሽው ተኝተሽ፣ በእንቅልፍ ልብሽ ስሙን ስትጠሪ ሰማሁ። ላንቺው ተውኩት።

ለእማዬ የምላትን መንገድ ላይ አስብበታለሁ።

ሳትሰፊው የቀረውን የብርድ ልብሱን ጠርዝ ትናንት ሥራ ስትሄጂ ሰፋሁት። ስፌቴ ጠማማ ነው።

አትተርትሪው።