በኦምፑ ሪስማ ዕረፍትና በሞታቸው ማዕረግ ላይ የማኅበራችን ቃል

ለማኅበራችን አባላት፣ ለጀልባ ሠራተኞች፣ ለወደቡ ደንበኞችና ለሁታ ባሪንጊን ነዋሪዎች በሙሉ፤

የሁታ ባሪንጊን ወደብ ነጋዴ ሴቶች ማኅበር፣ መሥራች አባሉና ለሃያ ስምንት ዓመታት የማለዳ ንባብ መሪው የነበሩት ኦምፑ ሪስማ፣ በልጅነት ስማቸው ቲዮሊና ቦሩ ሲናምቤላ፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 8 ቀን 2024 ጎህ ሲቀድ በሰባ ስምንት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል። ሐዘናችን ጥልቅ ነው ስንል ለመግለጫ ወግ ያህል አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ጀልባዎቹ ሲደርሱ ወርዶ ዓሣ የተቀበለ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ንባቡ የሚነበብበት አግዳሚ ወንበር ጋ ቆመን ነበር።

ይህ መግለጫ ከወትሮው የረዘመበት ምክንያት አለው። በእኛ በባታክ ሕዝብ ዘንድ ሞት ማዕረግ አለው። ልጆቹን ሁሉ ድሮ ኩሎ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ሲሞት ሞቱ ሳኡር ማቱዋ፣ ማለትም ሙሉ ሞት ይባላል። ለእንዲህ ያለው ሟች ከበሮ ይመታል፣ ይጨፈራል፣ ማልቀስም ብዙ አይወደድም። አንድ ልጅ እንኳ ሳያገባ ከቀረ ግን ማዕረጉ ዝቅ ይላል፤ ሙሉው ሥርዓትም አይደረግም። ኦምፑ ሪስማ ከወለዷቸው አራት ልጆች የመጨረሻዋ፣ የአርባ ሦስት ዓመቷ ልብስ ሰፊ ኑርማላ፣ አላገባችም። ከማክሰኞ ጀምሮ በየዘንባባ ጠጅ ቤቱ "ምስኪን፣ በልጇ ምክንያት ጎድሎባት ሞተች" እየተባለ መሆኑን ሰምተናል። ኑርማላም ሰምታለች። ስለዚህ ማኅበሩ በዓይኑ ያየውን፣ በቃለ ጉባኤውም የመዘገበውን ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታው ሆኖ አግኝቶታል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦምፑ ሪስማ በ1946 ከቶባ ሐይቅ ማዶ ባለች መንደር ተወለዱ። ትምህርታቸው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በሃያ ዓመታቸው ጀልባ አናጺ አግብተው ወደ ወደባችን መጡ፤ ባለቤታቸው በ1993 አርፈዋል። የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ሪስማ ስትወለድ እንደ ወጋችን ስማቸው ቀርቶ የሪስማ አያት፣ ኦምፑ ሪስማ ተባሉ። የደረቀ ዓሣና ዝንጅብል ይሸጡ ነበር። ሰባኪ አልነበሩም። እንደ ሰባኪ የሚያያቸው ሰው ሲያጋጥማቸውም "እኔ ዓሣ ነው የምሸጠው፤ ስብከት ካማረህ እሑድ ሂድ" ብለው ይመልሱት ነበር።

በ1996 ማኅበሩ ሲቋቋም ገበያው ከመከፈቱ በፊት ከመጽሐፍ ቅዱስ አጭር ክፍል እንዲነበብ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ንባቡን አይመርጡም ነበር። ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ከምታሳትመው አልማናክ ለዕለቱ የወጣውን ብቻ ያነባሉ፤ ቢጥምም ባይጥምም ያው ነው። ካነበቡ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። "ምን ማለት ነው?" የሚለውን ጥያቄ ግን ከልክለዋል፤ ምክንያታቸውም እንዲያ ከተጠየቀ ሰው ሁሉ ፓስተር ሆኖ ቁጭ ይላል የሚል ነበር። የሳቸው ጥያቄ "ይህ ቃል እስከ ምሳ ሰዓት ምን ይሠራልናል?" የሚል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቃለ ጉባኤ "የዘላለሙን እግዚአብሔር ያውቅበታል፤ እኛ እስከ ምሳ እንበርታ" ማለታቸው ሰፍሯል።

በ1998 የዮሐንስ ወንጌል ሃያ አንደኛው ምዕራፍ ተነበበ፤ ጌታ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶ፣ ሲለፉ ላደሩት ደቀ መዛሙርት "ኑ፣ ምሳ ብሉ" ያለበት ነው። ዓሣ ነጋዴ በዚህ ምዕራፍ ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላው ምእመን ከሚያነሣው እንደሚለይ መካድ አይቻልም። መረቡ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓሦች ነበሩ የሚለው ጋ ሲደረስ አባላችን ላስማይዳ ብድግ ብላ፦

"እንዴ! ጌታ ቆሞ እየጠበቃቸው ማነው ቁጭ ብሎ ዓሣ የሚቆጥረው?" አለች።

"አንቺ ብትሆኚ አትቆጥሪም ነበር?" አሏት ኦምፑ ሪስማ።

"እቆጥር ነበር። እሱ እኮ ነው የገረመኝ።"

ሳቁ ካባራ በኋላ ኦምፑ ሪስማ ጠየቁ፦ "እሳቱ ላይ ዓሣ አስቀድሞ አለ። ታዲያ ካጠመዳችሁት አምጡ ያላቸው ምን ጎድሎት ነው?" ለሦስት ቀን ተከራከርን። በሦስተኛው ቀን መልሱን ያገኘችው በዚያን ጊዜ የማኅበሩን ምሳ በነፃ ትበላ የነበረች አንዲት መበለት ናት። "ምንም አልጎደለውም። ባዶ እጃቸውን እንዲበሉ አልፈለገም" አለች፤ ብላም አለቀሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንሰጣትን ሰሃን በምን ዓይን ታየው እንደነበር ማናችንም ጠይቀናት አናውቅም። ከዚያ ወዲህ በጋራ ምሳችን ላይ ምንም የሌላት አባል እንኳ አንድ ሎሚ ወይም ቆንጠር ያለ ጨው ይዛ ትመጣለች፤ ሎሚውም ወጡ ውስጥ ይገባል።

በ2009 ስለ ደረሰው ስሕተት ማኅበሩ እስከ ዛሬ በይፋ ተናግሮ አያውቅም። ኦምፑ ሪስማ አልማናካቸውን የዓሣ ቅርፊት እንዳይነካው በጋዜጣ ይለብዱት ነበር። በዚያ ዓመት የአዲሱና የአሮጌው ልባስ ተመሳስሎባቸው ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ያነበቡልን ካለፈው ዓመት አልማናክ ነው። ነገሩን የደረሰበት ጀልባ ሊሳፈር የቆመ የሌላ ደብር ሽማግሌ ሆነ። ሁላችንም ቤታችን ያው አልማናክ አለን። ሰባት ወር ሙሉ አንዳችንም ገልጠን እንዳላየነው የታወቀው ያን ዕለት ነው።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው የሰባቱ ወር ንባብ ይጽና ወይስ ተሽሮ በትክክለኛው ይተካ የሚል ነበር። ይተካ የሚሉት ሊያሸንፉ ሲቃረቡ ላስማይዳ ተነሣች። ላስማይዳ በማርች ወር፣ መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው ተነብቦ፣ አሥራ አንድ ዓመት ካኮረፈቻት እህቷ ጋር ታርቃ ነበር።

"ታዲያ እህቴን ልመልሳት?" አለች። "ተላቅሰናል፣ የልጇን ሠርግ አብረን ደግሰናል። አሁን ሄጄ ይቅርታ፣ ለካ ቀኑ አልነበረም ልበላት?"

ኦምፑ ሪስማ ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥለውም "መሳሳቱ የኔ ነው። ቃሉ ግን ቀኑን ስቶ እናንተን ካገኘ፣ ማግኘቱ የማን ነው?" አሉ። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ፣ ንባቡም ሳይሻር ስብሰባው ተበትኗል። ማኅበሩ ጥያቄውን እስከ ዛሬ እንዳንጠለጠለው ነው፤ መልስ አለኝ የሚል ቢመጣ በደስታ ይቀበላል።

በ2013 ባሏን ሐይቁ የወሰደባት አንዲት አባላችን ከአልጋ አልወርድም አለች። አሥራ አንዳችን እያንዳንዳችን ጥቅስ መርጠን ሄድን። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ከመርንባት እንጂ አላስነሣናትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ለንባብ የወጣው ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ሆኖ ሞትን የለመነበት ክፍል ነበር።

"መልአኩ ምን ብሎ ሰበከው?" አሉ ኦምፑ ሪስማ።

"ተነሥተህ ብላ።"

"ሌላስ?"

"ሌላማ የለም፤ መንገዱ ሩቅ ነው ከማለት በቀር።"

"ስንት ጊዜ መጣ?"

ሁለት ጊዜ። የዚያን ቀን ለስለስ ያለ የሩዝ ገንፎ ወሰድንላት፤ አልነካችውም። በማግስቱ ደግመን ወሰድን፤ በላች። ሐዘንተኛ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ መቅረት ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን የተከለከለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። በዚህ ዓመት በጁላይ ወር ሐኪሞች ለኦምፑ ሪስማ የቀራቸው ጊዜ አጭር መሆኑን ለቤተሰቡ ተናገሩ። የጎሳው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከማዶ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው አለ፤ ኑርማላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ለእሱ ብትዳር እናትየው በሙሉ ማዕረግ ይሸኛሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ስሙን የማንጠቅሰው ምንም ጥፋት ስለሌለበት ነው። ሽማግሌዎቹም ለክፋት አላሰቡትም፤ ወዳጅን በክብር መቅበር ከሁሉ በላይ የሆነባቸው ሰዎች ናቸው። እኛም ራሳችን ደስ ብሎን ነበር፤ ላስማይዳማ የጭፈራ ልብሷን አውጥታ ፀሐይ አስመትታዋለች። ኑርማላ እናቷን ስታስታምም ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያላገኘች ሴት ናት። "ለእማ ስል እሺ" አለች።

ጁላይ 23 ቀን የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በሽተኛዋን ሊጠይቅ ሄደ። የበኩር ልጃቸው ፓርሊንዱንጋንና ኑርማላ እዚያው ነበሩ። ጸሐፊያችን እንደ ልማዷ አልማናኩን ገለጠች። ኦምፑ ሪስማ "ዛሬ ዝጊው" አሉ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ራሳቸው መርጠው ያስነበቡት ይህ ብቻ ነው፤ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ አሥራ አንድ። ዮፍታሔ ድል ካገኘሁ፣ ስመለስ ከቤቴ ደጅ አስቀድሞ የሚወጣውን እሠዋለሁ ብሎ ተሳለ፤ ከደጁ የወጣችው አንድያ ልጁ ነበረች።

"ስእለቱን የተሳለው ማነው?" ብለው ጠየቁ።

"አባትየው" አለ ፓርሊንዱንጋን።

"የከፈለችውስ?"

ፓርሊንዱንጋን "እማ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው። እኛ ማንንም አላረድን። ክብርሽን ነው የፈለግነው" አላቸው።

"ከበሮው ስንት ቀን ይመታል?"

"ሦስት ቀን።"

"እናንተ ሦስት ቀን ትጨፍራላችሁ፣ እኔ አልሰማም። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሰውየው ጋር ትነሣለች።" ወደ ኑርማላ ዞሩ። "ትወጂዋለሽ?"

"ጥሩ ሰው ነው፣ እማ።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

"አልወደውም" አለች ኑርማላ።

"በቃ እንግዲህ። ሻይ አፍሉልን፤ እነዚህ ሴቶች በባዶ ሆዳቸው ተቀምጠዋል።"

ፓርሊንዱንጋን ሻዩን ራሱ አፈላ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ ነገሩ መቅረቱን ተናገረ። ይህ ሁሉ እንዲጻፍ የፈቀደውም እሱ ነው፤ "የኔም ስም ይግባ፣ እኔም ገፍቻታለሁ" ብሎናል።

እንግዲህ ኦምፑ ሪስማ ሙሉው ማዕረግ በእጃቸው ነበር። አዩት፣ ዋጋውን ጠየቁ፣ ማን እንደሚከፍለው ተረዱ፣ መለሱት። ይህን ጉድለት ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ባህላችንን አንነቅፍም፤ ለሳቸው ብንጨፍር በወደድን ነበር፤ አለመጨፈራችንም ያማል። ነገር ግን በሞታቸው የጎደለው ነገር በማንም ምክንያት አልጎደለም። እሳቸው ራሳቸው የሰጡት ነው።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ቅዳሜ ኦክቶበር 12 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይፈጸማል፤ በዕለቱ ገበያው ዝግ ነው። የማለዳው ንባብ ሰኞ ይቀጥላል። ማን እንደሚጠይቅ ገና አልተወሰነም፤ ሁላችንም ፈርተናል።

በወጋችን የማጽናኛ ቃል ከበኩር ልጅ ይጀምርና ያላገባች ሴት ልጅ መጨረሻ ላይ ትጠቀሳለች። ማኅበሩ ትናንት ባደረገው ስብሰባ፣ በፓርሊንዱንጋንም ስምምነት፣ ቅደም ተከተሉን ቀይሯል። አስቀድመን ለኑርማላ፣ ከዚያም ለወንድሞቿና ለእህቷ፣ ለልጅ ልጆችና ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ እንላለን።

ኑርማላ ቅዳሜ ዕለት በእናቷ ራስጌ ትቆማለች። አርባ ሰባታችንም የማኅበሩን ኡሎስ፣ የወግ ጋቢያችንን፣ በትከሻችን ላይ ጥለን በዙሪያዋ እንቆማለን። "ባንቺ ምክንያት" ሊላት የሚመጣ ሰው ካለ፣ በመጀመሪያ እኛን አልፎ ይሂድ።

የሁታ ባሪንጊን ወደብ ነጋዴ ሴቶች ማኅበር
ኦክቶበር 10 ቀን 2024