ትሎቹን ያስገባው ማን ነበር?

አይተኮስባቸውም! ትናንት በስብሰባ ተወሰነ፤ ከባሕር ውሾችህ አንዱም አይነካም፤ አንተም ወደ ቤትህ ትመለሳለህ።

ውድ ወንድሜ ኬቲል፣ ከሰላምታው ወሬውን በማስቀደሜ አትቀየመኝ፤ ደስ ሲለኝ አፌ ቀድሞኝ እንደሚሮጥ ታውቃለህ። አዲሱ ከተማህ በርገን ተስማማህ? ዝናቡስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን።

በል ከመጀመሪያው ልንገርህ። መንደሩ ሁሉ «የሰላጤውን ዓሣ በትል የሞሉት በኬቲል ደሴት ላይ የሚተኙት እነዚያ ፂማም፣ ዓሣ በል የባሕር ውሾች ናቸው፣ ይገደሉ» ብሎ ሲነሳብህ፣ አባባ አደራ ያለኝን እንስሳት አላስነካም አልክ። ሰላም የሚልህ ሲጠፋ ጀልባህን ዳርቻው ላይ ገልብጠህ ሄድክ። እኔ ደግሞ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ፣ መብራት ከሥሩ በበራበት መስታወት ላይ የዓሣ ሥጋ ዘርግቼ ትል በወረንጦ ስለቅም፣ ሴቶቹ «ያው የወንድምሽ ስጦታ ነው» ይሉኝ ነበር። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴን ታምናለህ?

በበረዶው ወራት ስቫላ የምትባል ወጣት ተመራማሪ ከዋና ከተማችን ከሬይካቪክ መጣችና የለቀምነውን ትል እንዳንጥል ለመነችን። ሞተው ዳርቻ ከወጡት የባሕር ውሾችህ ሆድም ወሰደች። ዘረ መላቸውን መርምራ ትናንት አዳራሽ ሰበሰበችን። ለዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ ሁለት ዓይነት ትሎች ናቸው አለች፤ እርስ በርስ እንኳ አይዋለዱም። በአንተዎቹ ሆድ ያለው አንደኛው ነው። ከሰላጤው ዓሣ የምንለቅመው ግን ሌላኛው፣ ውጭ ሩቅ ባሕር ላይ በሚኖሩት በትልልቆቹ ግራጫ የባሕር ውሾች ሆድ አድጎ ወደዚያው ባሕር ዓሣ የሚገባው ነው።

ዋናው ከሳሽህ ኦግሙንዱር ከኋላ ሆኖ፣ «እንግዲህ ትልም ፓስፖርት አለው በይኛ» አለ። ሰው ሳቀ።

ስቫላም አብራ ሳቀችና «አለው። ፓስፖርቱን ሳያይ ያስገባው ሰው ነው» አለችው። «ውጭ ያጠመዳችሁትን ዓሣ ሆዱን የምትቀድዱት የት ነው?»

መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ዓሣ አጥማጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ሰላጤው ውስጥ ገብተው ማዕበሉ ሲረግብ ነው የሚቀድዱት፤ ሆድ ዕቃውም እዚያው ውሃ ውስጥ ይወረወራል። ልጆች ሆነን ሆድ ዕቃውን የሚሻሙትን ወፎች ጫጫታ ስንሰማ «አባባ መጣ!» ብለን ወደ ወደብ የምንሮጠው ለዚያ አልነበር? የሰላጤው ዓሣ ያንን ይበላል፣ ትሉም አብሮ ይገባል። ኬቲልዬ፣ ትሉን ያስገባነው እኛው፣ የተባረርከው አንተ። ከእንግዲህ ሆድ ዕቃው በበርሜል ተይዞ ወደብ ይራገፋል፤ ድምፅ ለመስጠት እጅ ሲወጣ ኦግሙንዱርም አወጣ።

ዛሬ ጠዋት መዋኛው ጋ ያለው ሙቅ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፌ ሳለ ኦግሙንዱር መጥቶ አጠገቤ ገባ። «ስታይኑን፣ ያንን ጀልባ እኮ በረዶው ሳይገባ ቀለም ቀብቼዋለሁ» አለኝ።

«የማንን ጀልባ?»

«የኬቲልን ነዋ። እንዳይበሰብስ ብዬ።»

«ያኔ ልጅቷ ገና አልመጣችም ነበር! ተጣልታችሁ አልነበር እንዴ?»

«ከጀልባው ጋር አልተጣላሁም» አለና ፊቱን አዞረ።

አለቀስኩልህ፤ ደግነቱ እዚያ ገንዳ ውስጥ የሁሉም ፊት እርጥብ ነው።

ስለዚህ ለመርከበኞች በዓል ና። የባሕር ውሾችህ ግልገሎች ያኔ ደሴቱን ሞልተውት ይጠብቁሃል። ደረቁን ዓሣ በቅቤ፣ የጎምዛዛውን ተክል የሩባርብን ኬክ እኔ አዘጋጃለሁ፤ ስቫላም ትመጣለች፣ የፋብሪካው ሴቶች አንዳቸውም አይቀሩም፣ የበርገን ጎረቤቶችህንም ይዘህ ና። ጀልባህን ውሃ ላይ የሚያወርደው ኦግሙንዱር ነው፤ ራሱ ጠይቆ ነው። እህትህ ስታይኑን ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፤ በመርከበኞች ቀን፣ በጁን የመጀመሪያው እሑድ።