«አየው፣ ሳቀ» ያልሽኝ ቀን

ዳንፎርዝ፣ ቶሮንቶ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ብርሃነሽ፣

እወድሻለሁ። አስቀድሜ የጻፍኩት ከታች ያለውን ስታነቢ እንዳትጠራጠሪ ነው። ስልክሽን የማላነሳው ታምሜ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው። ብናወራ ታለቅሺና አንጀቴን ትበዪዋለሽ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

አባባ በድንገት ያረፈው ማክሰኞ ነው። እኛ ለእረፍት የበረርነው ረቡዕ። አንቺ ማክሰኞውኑ ለባሌ ለያፌት ደውለሽ፣ «ቲኬት ቆርጣለች፣ ልጅቷም ጓጉታለች፤ ሄዳ ትምጣና በወጉ ትረዳ» አልሽው። እሱም እሺ አለ። ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ! ሳምንት ሙሉ አብሮኝ በላ፣ አብሮኝ ዋኘ። አሁን ሳሎን ነው የሚተኛው።

የሄድንባት የካሪቢያን ደሴት ዳር ላይ፣ ባሕሩ ከድንጋይ ሥር ገብቶ በቀዳዳ ወደ ላይ የሚፈነዳበት ቦታ አለ። ዓርብ ዕለት ወሰዱን። መጀመሪያ ድንጋዩ ከሥር አየር ሲስብ ይሰማል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ ውኃው ሁለት ፎቅ ያህል ይወነጨፋል። አስጎብኚው የልጄን የማያን ባርኔጣ ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው፤ ወዲያው ሰማይ ላይ ሆነ። እሷ «ማሚ፣ ዋን ሞር ታይም!» እያለች ትዘላለች። እኔ በስብሼ፣ ፀጉሬ ፊቴ ላይ ተለጥፎ፣ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ያፌት ቪዲዮ እየቀረጸ ፊቱን አዞረ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ጨው ዓይኔ ገባ። በይ ሩጪ፣ አሁን ሊመጣ ነው» አለኝ።

ደግሞ ሮጥኩ።

ቪዲዮውን ወዲያው ላኩልሽ፣ ለአባባ አሳዪልኝ ብዬ። አባባ ከተቀበረ ሁለት ቀኑ ነበር። ጥቁር ለብሰሽ ድንኳን ውስጥ ሆነሽ ነው የከፈትሽው። ዝም ማለት ትችዪ ነበር። ኔትወርክ የለም ማለት ትችዪ ነበር። አንቺ ግን «አየው፣ ሳቀ» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

በተመለስን ማግስት፣ ሐሙስ ንጋት ላይ በራችን ተንኳኳ። የዕድራችን ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። ጥቁር ነጠላቸውን ሳይ ገባኝ። ማያ የለቀመችው ዛጎል ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረገፈ ገብተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ጽጌ «ያፌት ነግሮን ሳምንት ሙሉ ስንጠብቅሽ ነበር» አሉኝ። ሳምንት! እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ሳይቀር ያውቃል። የማላውቀው እኔ ልጁ ብቻ ነበርኩ።

ወጉን አውቃለሁ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም። ታዲያ መቼ ብቻዬን ነበርኩ? ባሌ አጠገቤ ነበር!

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ለፋሲካ አባባ «ነይ፣ ልይሽ» ሲለኝ፣ ከሥራ ፈቃድ የለኝም አልኩት። ነበረኝ። ለዚህ ጉዞ ነው ያስቀመጥኩት። ቪዲዮውን ስልክልሽ ፈራ ተባ ብዬ ነበር፤ «ፈቃዱን ከየት አመጣችው?» ይላል ብዬ። «ሳቀ» ስትዪኝ ይቅር ያለኝ መሰለኝ። እትዬ፣ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማያን ይዤ እንደገና ልበሰብስ ተመለስኩ። እስቲ አሁን ማን ይቅር ይበለኝ?

እማማን እግሯን ሳሚልኝ። ብቻሽን ጦርሽው፣ ብቻሽን ቀበርሽው፤ ይህንንም አልረሳሁም፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እማማ ብታስነጥስ እንኳ ደውዪልኝ፣ ባሕር ውስጥም ብሆን። ስለ እሷ ከሆነ አነሳለሁ። ስለ እኔ ከሆነ ግን ገና ነኝ።

ተቆጥታም የምትወድሽ፣
ታናሽሽ ሥርጉት